የውሃ አባቱ ኩላሊት

ሸዋ ሮቢት
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ጅዳ ላለችው ልጄ ለኑርሃን።

አሰላሙ ዓለይኪ የኔ ልጅ። የሰላምታውን ዝርዝር በኋላ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ዋናውን ልንገርሽ፤ አለዚያ ደብዳቤውን ከመጨረሻው ጀምረሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ። የአባትሽ ኩላሊት አላለቀም። ሁለቱም አሉ፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ስለዚህ ከአረፋ በኋላ ለፖሊስ እጄን ሰጥቼ አገሬ እገባለሁ የምትይውን ነገር ተይው። ያለ ወረቀት ነው የገባሽው፤ እዚያ እስር ቤት ስንት ወር እንደሚያቆዩሽ ማን ያውቃል? ኩላሊትሽንም ለማንም አትሰጪም፤ የሚቀበልሽም የለም።

ይሄንኑ አርብ ዕለት በኢሞ ስነግርሽ «እማ፣ ልታጽናኚኝ ነው፤ ድምፅሽ ያስታውቃል» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ድምፄ የተለወጠው እኮ አባትሽ በሩ ላይ ስለነበረ ነው! ሦስት ዓመት ሙሉ አንቺ በደወልሽ ቁጥር ተነስቶ ይወጣል። ወጥቶ ደግሞ የትም አይሄድም፤ በሩን ተደግፎ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። እሱ እየሰማኝ የሱን ጉድ እንዴት ብዬ ላውራ? የጎረቤታችን የሐጂራ ልጅ ዙልፋ በኮንትራት ወደ ጅዳ ልትበር ስለሆነ፣ ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ ጽፌ በእጇ ልላክልሽ ብዬ ቁጭ አልኩ። አንብበሽ ስትጨርሺ ካላመንሽኝ እናትሽ አይደለሁም።

ነገሩ የጀመረው ሚያዝያ ላይ ሽንኩርት ሲነቀል ነው። ለሮቢት ሙቀት ብርቋ ነው ወይ ትይኛለሽ፤ የዘንድሮው ግን ሌላ ነበር፤ ዶሮዎቹ እንኳ ከቀትር በኋላ ከአልጋ ሥር አንወጣም ብለው ነበር። አባትሽን ደግሞ ታውቂዋለሽ። የውሃ አባት አድርገው ከመረጡት ጀምሮ ቦዩን ላይና ታች ሲል ነው የሚውለው። ተራው የማን እንደሆነ፣ የማን ማሳ እንደጠገበ፣ ማን ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ ወደ ራሱ እንደጠለፈ፣ እሱን ሳይጠይቁ ከወንዙ አንዲት ጣሳ ውሃ አትንቀሳቀስም። ያን ቀን ሐሙስ ነበር። የሰው ማሳ ሲያጠጣ ውሎ፣ የአስር ሰላት ሳይደርስ ራሱ ደርቆ ቦዩ ዳር ወደቀ።

ወንድምሽ ረድዋን በባጃጁ አፋፍሶ ክሊኒክ አደረሰው። ዶክተር አቤል የሚባል ልጅ እግር ሐኪም አለ፤ ግሉኮስ ሰካለትና ደሙን መረመረው። «ሰውነታቸው ውሃ አልቆበታል። ኩላሊት ጠርጎ ማውጣት የነበረበት ቆሻሻ በደማቸው ውስጥ ከፍ ብሏል» አለ። ለወገቡ ከሱቅ እየገዛ የሚውጠውን ማስታገሻ እንዲያቆም፣ ውሃ በደንብ እንዲጠጣ፣ እስኪሻለውም ጾም የሚባል እንዳይሞክር አዘዘው። አባትሽ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀምሮ ነበር። እኔ ዕድሜው ሲገፋ አላህን መፍራት አበዛ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የማየው።

«እሺ» አለ አባትሽ። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ። እሱ ለማን እሺ ብሎ ያውቃል?

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ምሳውን ቋጥሬ፣ ውሃውን በኮዳ ሞልቼ ወደ ማሳ እሸኘዋለሁ፤ ማታ ምሳ ዕቃውንም ኮዳውንም ባዶ አድርጎ ይመልስልኛል። አልሃምዱሊላህ፣ ሰው ሆነልኝ አልኩ። ሞኝ!

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰን ስንሄድ ዶክተሩ «አባባ፣ የአንድ ሙሉ ቀን ሽንትዎን አጠራቅመው ያምጡልኝ። ከጠዋት እስከ ጠዋት፤ ጠብታ እንዳይቀር» አለው። አባትሽ እኔን አየኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ሽንት ልብሱ ላይ ፈንጥቆ ይሆናል ብሎ ከጠረጠረ ሰባት ጊዜ የሚያጥብ ሰው፣ እሱን ነው እንግዲህ ነጃሳ አጠራቅም የሚሉት! እስከ ቤት ድረስ «ጣይባ፣ ሰው እህል ያጠራቅማል፤ እኔ በስተርጅና ምን አጠራቅም ተባልኩ?» እያለ መጣ። ረድዋን ባጃጁን እየነዳ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ሰኞ ጠዋት አምስት ሊትር የሚይዘውን የዘይት ጀሪካን አጥቤ ሰጠሁት። ውሃውን ጥዬ ቤት አልውልም ብሎ፣ ጀሪካኑን በማዳበሪያ ሸፍኖ ይዞት ማሳ ወረደ። ማክሰኞ ጠዋት ሳየው ጀሪካኑ አፉ ድረስ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ መልኩም ፈዘዝ ያለ ነው። «ማሻአላህ፣ ይሄን ሁሉ ጠጥተህ ነው?» አልኩት። «ታዝዤ የለ እንዴ» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ወደ ክሊኒኩ ስንሄድ ጎረቤታችን አስፋው መንገድ ላይ ተሳፈረ። ጀሪካኑን በአባትሽ እግር መሃል ሲያይ ዓይኑ በራ። «ጋሼ አብዱረሂም፣ ዘይት ከየት አገኛችሁ? ለኛም ብትነግሩን ምን ነበረበት?»

«አልቋል» አለው አባትሽ፣ ቀና ሳይል።

ማታ ደግሞ ሚስቱ የሺ ባዶ ጠርሙስ ይዛ «እትዬ ጣይባ፣ ለወጥ የምትሆን ያህል ብቻ ቀንሺልኝ» ብላ መጣች። ሳቄን ምን ላድርገው? ከጓዳ ያለችኝን ዘይት ገልብጬ ሰጥቻት ሸኘኋት።

ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ። በማግስቱ ዶክተር አቤል ወረቀቱን ይዞ ፊቱ ከበደው። «ሽንታቸው እንደ ውሃ ቀጥኗል። ኩላሊታቸው ውሃ መያዝ አቅቶት ይሆናል። እዚህ ከዚህ በላይ መመርመሪያ የለንም፤ ደብረ ብርሃን ሄዳችሁ አሳዩ» አለን። ልብ በይ፣ «ይሆናል» ነው ያለው። ረድዋን ግን «ይሆናል»ን እዚያው ክሊኒኩ ጥሏት ወጣና «የአባ ኩላሊት አልቋል» ብሎ እያለቀሰ ደወለልሽ። በልጁ አትፍረጂ፤ ለአባቱ ሆዱ አይችልም።

የዚያን ሰሞን ቤታችንን አላየሽው። ለቅሶ የተቀመጥን ነበር የምንመስለው። አንዱ ስኳር፣ አንዱ ማንጎ ይዞ ይመጣል፤ ገብተው አባትሽን ያዩና አንገታቸውን ይደፋሉ። ሐጂራ የገብስ ውሃ አፍልታ በየጠዋቱ ታመጣለች። እኔ ሰው ፊት ላለማልቀስ ፍየሎቹ ጋ እየገባሁ አለቅሳለሁ፤ ፍየሎቹ እንኳ ሰልችተውኛል። አባትሽ ግን ቃል አይተነፍስም። ስንት ዓመት ለትንሽ ለትልቁ ሲጮህ የኖረ ሰው ዝም ሲል፣ ሞቱን አውቆት ነው አልኩ።

ከዚያ ነው አንቺ በኢሞ የደወልሽው። «እማ፣ አትጨነቂ፤ ከአረፋ በኋላ እጄን ሰጥቼ እመጣለሁ፤ ሁለት ኩላሊት አለኝ፣ አንዱን ለሱ እሰጠዋለሁ። አይወደኝም አይደል? ቢጠላኝም እሰጠዋለሁ» ስትይ ድምፅሽ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ስልኩን ዘግቼ ስወጣ አባትሽ ከበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል። ጥምጣሙን ዓይኑ ላይ ስቦታል። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ፀሐይ» አለኝ። ፀሐይዋ እኮ ከገባች ቆይታለች።

ባለፈው ሐሙስ ሦስታችንም ደብረ ብርሃን ወጣን። በጠዋት ቁርስ ሳቀርብለት «ለደም ምርመራ ባዶ ሆድ ሳይሻል አይቀርም» ብሎ ሳይቀምስ ተነሳ፤ እኔም አመንኩት። እዚያ ላይ ብርዱ ይገርማል፤ ጋቢዬን ሁለት ዙር ጠቅልዬው እንኳ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ወረፋው ረጅም ነበር። ሐኪሟ ዶክተር መቅደስ ትባላለች፤ ረጋ ያለች፣ ሰው ሲያወራ አፍ አፉን የምታይ ልጅ ናት። የዶክተር አቤልን ወረቀት አነበበች፣ ደም አስቀዳች፣ ከዚያ ለአባትሽ ትንሽ የላስቲክ ብልቃጥ ሰጥታ «አሁን፣ እዚሁ» አለችው።

ይዞት የተመለሰው ነገር ውሃ ያልጨመሩበትን ሻይ ነበር የሚመስለው። እሷ ብልቃጡን ብርሃን ላይ ይዛ አየችው። ወረቀቱን ደግማ አየች።

«አባባ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ኩላሊቱ ውሃ መያዝ ያቃተው ሰው ሽንት ነው። ይሄኛው ደግሞ ጠብታ አላባክንም ያለ ኩላሊት ያወጣው ነው። በእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ ሁለቱም የአንድ ሰው አይሆኑም። የትኛው ነው የእርስዎ?»

አባትሽ ጉሮሮውን ጠረገ። ጣራውን አየ። ረድዋንን አየ።

«የዛሬው» አለ።

«የፊተኛውስ?»

«እሱም የኔው ነው። ግን... አብዛኛው የኩስኩስቱ ነው።»

የውዱእ ኩስኩስቱን ማለቱ ነው! ጉድ እኮ ነው ልጄ! ለካ ከዚያች የመውደቅ ቀን ወዲህም ሰኞና ሐሙስን አልተወም ነበር። የኔን ምሳ ለቀን ሠራተኞቹ ያካፍላል፤ የኔን ውሃ ቦዩ ውስጥ ይደፋዋል፤ እኔ ባዶ ኮዳ ሳጥብ ከርሜያለሁ። ያን ሰኞም ጾሞ ውሎ፣ ጀሪካኑ ማክሰኞ ጠዋት ከሥሩ ብቻ ቢረጥብበት ጊዜ «በደንብ እጠጣለሁ ያልኩት ሊያጋልጠኝ ነው» ብሎ ፈራ። እና ኩስኩስቱን አንስቶ ሞላው። የቦይ ውሃ ሲያጥር ከላይ እንደሚለቀው ሁሉ ለቀቀበት እንግዲህ።

እኔ ልጮህበት አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። ወንበሩን ወደ ሐኪሟ ስቦ «የኔ ልጅ፣ ይሄን ነገር ጽፈሽ በማኅተም ስጪኝ» አላት። «ልጅ አለችኝ። ባሕር ማዶ ናት። በኔ ውሸት ኩላሊቷን ልትሰጠኝ እጇን ለወህኒ ልትሰጥ ነው። እንዳትመጣ።»

ኑርሃን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው «ስንት ልጅ አለህ?» ሲለው «አንድ ወንድ» ነበር የሚለው። «ልጅ አለችኝ» ሲል ስሰማ፣ ልጮህበት የነበረውን ረሳሁት።

ሐኪሟ አልሳቀችበትም፤ አልተቆጣችውምም። «መጀመሪያ የደሙ ውጤት ይምጣ» አለች። እስኪመጣ ድረስ «አባባ፣ ኩላሊት ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«ሽንት ይሠራል።»

«ሽንት ትራፊው ነው። ዋናው ሥራው ደም ማጣራት ነው። የሃያ ሊትሩን ጀሪካን ያውቁት የለ? ሁለቱ ኩላሊቶችዎ በቀን ከደምዎ ውስጥ ዘጠኝ ጀሪካን የሚሆን ፈሳሽ ያጠልላሉ። ደሙ እየዞረ ደጋግሞ ነው የሚያልፍባቸው። ከዚያ ሁሉ ግን በሽንት የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ሌላውን፣ ውሃውንም፣ ጨውንም፣ ስኳሩንም፣ ሰውነት የሚፈልገውን እየመረጡ ለደሙ ይመልሱታል። ብዙ ሲጠጡ ትርፉን ይለቃሉ። ሲጠማዎት ደግሞ ከአንጎል ‹ያዝ› የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል፤ ያኔ ውሃውን ይይዙና ቆሻሻውን በጥቂት ውሃ ብቻ ያስወጣሉ። የጠማው ሰው ሽንት የሚጠቁረው ለዚያ ነው።»

አባትሽ ብርዱንም እፍረቱንም ረሳው። «በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል በይኛ።»

«አዎ።»

«ጨዉንም ያያል?»

«ያያል። ሲበዛ ያስወጣል፣ ሲያንስ ይይዛል።»

«እኛም ዘንድ እኮ ውሃ ገብቶ መውጫ ያጣ ማሳ ጨው ነጭ ሆኖ ያቃጥለዋል። እንግዲያው ይሄ ኩላሊት የምትሉት የውሃ አባት ነዋ!» ብሎ ጭኑን መታ። በመስኮት በኩል ወረፋ የያዙ ሰዎች ዞረው አዩን።

ዶክተሯ ፈገግ አለች። «ይሁን። ቦዩ ከላይ ከደረቀ የውሃ አባት ምን ያካፍላል?»

«ምንም።»

«እርስዎ በዚያ ፀሐይ ውሃ ሳይጠጡ ሲውሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ራሱ ያንሳል። ‹ያዝ› ቢባል የሚይዘው ያጣል። መጀመሪያ ይደክማል፣ ከዚያ ይጎዳል፤ በላዩ የወገብ ክኒን ሲጨመርበት ይብሳል። አንዴ ከሞተ ደግሞ ምትክ የሚመርጥለት ሕዝብ የለም።»

በኋላ የደሙ ውጤት መጣ፤ የከፋ ነገር የለም፤ ሚያዝያ ላይ ከፍ ያለው ወርዷል፤ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ኩላሊቱ ተጎድቶ ነበር፣ እያገገመ ነው። ውሃ ይጠጣ፣ ክኒን ይተው፣ ሐኪሟ እስክትነግረው አይጹም፤ ከአረፋ በኋላ ተመልሶ ይታይ። ይሄው ነው ልጄ፤ አንዲት ቃል አልደበቅኩሽም። «ሐኪም እየከለከለዎት ለምን ጾሙ?» ስትለው ግን ጥምጣሙን እያሻሸ መሬት መሬት አየ። እሷም አላስጨነቀችውም።

ስንመለስ ረድዋን ከሹፌሩ ጎን፣ እኔና አባትሽ ከኋላ ተቀመጥን። እኔ ኩርፊያዬን ይዤ ፊቴን አዙሬያለሁ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። መኪናው ዋሻው ውስጥ ገብቶ ሲጨልም፣ አባትሽ ጆሮዬ ሥር «ለኑርሃን ነው የምጾመው» አለኝ።

ስምሽን ጠራ። ሲነጋ፣ ማለቴ ከዋሻው ስንወጣ፣ ዞሬ ሳየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ነበር። ደብረ ሲና እስክንደርስ የቀረውን ቀስ እያለ ነገረኝ።

ከደላላው ጋር የጠፋሽ ጊዜ፣ ሁለት ወር ሙሉ ወሬሽ ሲጠፋ፣ ባሕሩ ላይ ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ ከካራቆሬ በኩል መጥቶ እንደነበር አንቺ አታውቂም። እኔ አልጋ ላይ ወድቄ ነበር። እሱ ለብቻው ቦዩ ዳር ሄዶ «ያ ረብ፣ በሕይወት ካቆየህልኝ፣ ቤቴ እስክትገባ ድረስ ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ» ብሎ ተሳለ። ከዚያ አንቺ «ደርሻለሁ» ብለሽ ስትደውዪ ተነስቶ የወጣው፣ ትዝ ይልሻል? አንቺ «አባ ድምፄን መስማት ጠላ» ብለሽ አለቀስሽ፤ እኔም እንደሱ ነበር የመሰለኝ። ለካ ሱጁድ ሊወርድ ነው የወጣው። ሽንኩርቱ መሃል ተደፍቶ ሲያለቅስ ቆይቶ፣ ፊቱን ታጥቦ የተቆጣ መስሎ ገባ።

«ታዲያ ለምን አታናግራትም ነበር አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ሚኒባሱ በሙሉ ዞረ።

«መጀመሪያ ምን እላታለሁ?» አለኝ። «ሲቆይ ደግሞ የመጀመሪያው ቃል እየከበደ ሄደ።»

ተናደድኩበት ልጄ፤ ወላሂ ተናደድኩበት። ለሦስት ዓመት ሁለት ሰው መሃል ተቀምጬ ስነድ የኖርኩት እኔ ነኝ። ግን እጁን ስይዘው አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ ምን ልበለው?

በማግስቱ ከጁሙዓ በኋላ ሼህ ሱሌይማንን ቤታችን ይዣቸው መጣሁ። አባትሽ ስለቱን ማፍረስ እንደፈራ ነገራቸው። «እኔ ውሃ በጠጣሁ ቀን እዚያ አንድ ነገር ብትሆንስ?» አላቸው፤ ድምፁ የሕፃን ሆኖ ነበር። ሼሁ ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙት።

«አብዱረሂም፣ ልጅህን እስከ ዛሬ የጠበቃት አላህ ነው ወይስ ያንተ ጥማት?»

«አላህ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው እሱ አይጠማውም። ሰውነትህም የሱ አደራ ነው። ነፍስህን የሚጎዳ ስለት አትፈጽም፤ አሥር ሚስኪን አብላበትና ፍታው» አሉት።

ትናንት እሑድ አበላን። ያቺ ነጭ ፍየል፣ ለቅሶዬን ስትሰማ የከረመችው፣ ታረደች። ሐጂራ ከንጋት ጀምሮ አብራኝ ናት፤ የሺም ሥጋው ባይሆናትም ሽንኩርት ስትከትፍ ዋለች። በነገራችን ላይ የዘይቱን ነገር ነገርኳት፤ እስካሁን ሳቋን አላቆመችም። የመጡት ሚስኪኖች ከመስጊዱ ደጃፍና ከመናኸሪያው ናቸው። አባትሽ ራሱ ቆሞ እጃቸውን አስታጠበ፣ እያንዳንዳቸውን «ለልጄ ለኑርሃን ዱዓ አድርጉላት» አላቸው። ጮክ ብሎ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ጠዋት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ብርጭቆውን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ቢስሚላህ ብሎ ጠጣው፤ ጠጥቶም ወዲያው ስልኩን አየ፤ ክፉ ወሬ ይመጣል ብሎ እኮ ነው! እስኪረጋጋ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የዙሁር ሰላት ሲደርስ ሁለተኛውን ራሱ ቀድቶ ጠጣ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቶልኛል። ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ሐኪም ሆኖ ነው የመጣው። ቦዩ ዳር ገበሬውን ሰብስቦ ስለ ዘጠኙ ጀሪካን ያስተምራል። ውሃ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ «ሽንትህ ምን ይመስላል፣ ሻይ ወይስ ገለባ?» ይለዋል። ገለባ ያለ ተራውን ይወስዳል፤ ሻይ ያለ መጀመሪያ ፊቱ ቆሞ ውሃ ካልጠጣ ማሳውን አያጠጣለትም። ትናንት አስፋውን እንዲሁ ቢለው «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ በኩስኩስት ልጨምርበት?» ብሎ መለሰለት። ተቆጣ ስል ሳቀ። አባትሽ እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

እንግዲህ ይሄው ነው። ረድዋን ደህና ነው፤ በድንጋጤ ወሬ አጋነንኩ ብሎ ያፍራል፤ አብሽር በይው። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ያንቺን ፍራሽ ሰሞኑን አውጥቼ ፀሐይ አስመታሁት፣ አንሶላውንም አጠብኩት፤ ትመጫለሽ ብዬ ሳይሆን ለአረፋ ቤት ስለማጸዳ ነው። አትምጪ ልጄ። በወህኒ በር አትምጪ። ወረቀትሽን አስተካክለሽ፣ በሰላሙ መንገድ፣ ቀንሽ ሲደርስ ትመጫለሽ። እስከዚያው ሥራ ሲበዛብሽ ረፍት አድርጊ፤ ለሰው ቤት ብለሽ ራስሽን አትጉጂ።

ይሄን ስጽፍ አባትሽ ከማሳ ገብቶ አጠገቤ ቆመ። «ለማን ነው?» አለኝ፣ እያወቀ። «ለልጅህ» አልኩት። እንደ ድሮው አልወጣም። ቁጭ አለ፤ ጥምጣሙን ፈታው፤ እንደገና ጠመጠመው። በመጨረሻ «ስትጨርሺ እስክሪብቶውን አቀብዪኝ» አለኝ። ምን እንደሚጽፍልሽ አላውቅም፤ ፖስታውን ራሱ ያሽገዋል፤ እኔ አላየውም ብዬዋለሁ።

አላህ በእንቅልፍሽም በሥራሽም አይለይሽ። የምትኖሪበትን ቤት ሰዎች ልብ ያራራልሽ። ክፉ ዓይንም ክፉ ወሬም አያግኝሽ። እኔን ሳያስቀድም ዓይንሽን ያሳየኝ። አሚን።

እናትሽ ጣይባ

ኑርሃን እዚያ ሙቀቱ ከኛ ይብሳል ይባላል። ውሃ ጠጪ።
አባትሽ አብዱረሂም